የሰንጢ ዋጋ፦ ከ20 ዶላር እስከ 500፣ ከዚያም በላይ

አንድ ፖም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ሁለት የኪስ ሰንጢዎች ከጎኑ ደርድሩ። አንደኛው በፈረንሳይ ተራራማ አውራጃ በሳቮይ የሚሠራው ኦፒኔል ቁጥር 8 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በ20 ዶላር ገደማ ይገዛል። ሁለተኛው በአይዳሆ ግዛት ዋና ከተማ በቦይዚ የሚሠራው ሰቤንዛ ነው፤ ምንም ጌጥ የሌለበት ትልቁ ዓይነት ወደ 500 ዶላር ይጠጋል። ፖሙን በኦፒኔሉ ስትከፍሉት ስለቱ ሰተት ብሎ ታች ይደርሳል። በሰቤንዛው ስትሞክሩት ግን መሃል ላይ ሲደርስ የስለቱ ጀርባ ወፍራም ስለሆነ ፖሙን እየፈለቀቀ ይሄዳል። የመጨረሻው ክፍል የሚለያየው ተቆርጦ ሳይሆን ተሰንጥቆ ነው።

ታዲያ 25 እጥፍ የሚከፈለው ለምንድን ነው? መልሱን በአጭሩ ላስቀድመው፤ ለመቁረጥ የሚከፈለው ገንዘብ ቶሎ ያልቃል። ከ20 እስከ 60 ዶላር ባለው ውስጥ አሳምሮ የሚቆርጥ ሰንጢ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ የሚጨመረው ገንዘብ ለሌላ ነገር ነው፤ ስለቱ ቶሎ እንዳይዶለዱም፣ መቆለፊያው እንዳይከዳ፣ ማጠፊያው ሳይንገጫገጭ ልስልስ ብሎ እንዲከፈት፣ ከ500 በላይ ሲወጣ ደግሞ ዕቃው ብርቅ ስለሆነ። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገቡ ነገሮች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ችግር የሚመጣው ገዢው አንዱን እየገዛ ሌላውን የገዛ ሲመስለው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። ሰንጢ የሚለው ቃል እኛ ዘንድ ስሙ አልተወደደም፤ ሲጠራ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ጨለማ ቅያስና ወንበዴ ነው። ሆኖም ብርቱካን የሚልጠው፣ ሲባጎ የሚቆርጠው፣ እርሳስ የሚቀርጸው፣ የታሸገ ካርቶን የሚከፍተውም ይኸው ሰንጢ ነው። እዚህ የምናወራው ስለዚህ ሁለተኛው ነው፤ ታጥፎ ኪስ ውስጥ ስለሚገባ፣ በቀን አሥር ጊዜ ስለሚወጣ የሥራ መሣሪያ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጃፓን ይህን መሣሪያ ከልባቸው የሚወዱ፣ ስለ ብረቱ ዓይነት እንደ ሐኪም የሚከራከሩ፣ ለአንዱ ሰንጢ የወር የቤት ኪራይ የሚያወጡ ሰዎች አሉ።

ከርካሹ እንጀምር፣ ምክንያቱም ዋናው ትምህርት ያለው እሱ ላይ ነው። ዦዜፍ ኦፒኔል የገበሬ መሣሪያ የሚሠራ አንጥረኛ ልጅ ነበር። ሰንጢውን የሠራው በ1890 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በመጠናቸው ከ1 እስከ 12 ቁጥር ሰጣቸው። ቁጥር 1 በጣም ትንሽ ስለሆነ ቀረ፣ ቁጥር 11ም ከ10 እና ከ12 ብዙም ስለማይለይ ተተወ፤ ከሁሉ በላይ የተወደደው ግን ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚረዝመው ቁጥር 8 ነው። መላው ዕቃ አምስት ነገር ብቻ ነው፤ ስለት፣ የእንጨት እጀታ፣ አንገቱ ላይ ያለ ብረት፣ ማጠፊያ ችንካር፣ ከዚያም በ1955 የተጨመረችው የምትዞር የመቆለፊያ ቀለበት። ብሎን የለው፣ ሞላ የለው፣ ሮንዴላ የለው። እንጨቱም በፈረንሳይ እንደ ልብ የሚገኝ ነው። ዋጋው ትንሽ የሆነው ጥራት ስለጎደለው አይደለም። ሊወጣ የሚችል ነገር ሁሉ ስለወጣለት ነው።

የሚቆርጠው ለምን ይመስላችኋል? ስለቱ ስስ ስለሆነ ነው። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሰቤንዛው ከ3 ሚሊ ሜትር ያልፋል። ቁርጥ የበላ ሰው ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ሥጋ ቤት ውስጥ የሚሰጠን ቢላዋ ብዙ ጊዜ በመሳል ብዛት አልቆ የሳሳ ነው፤ ብረቱ ስመ ጥር ባይሆንም ሥጋውን ሳይጎትት የሚበጥሰው ለዚህ ነው። ስለ ሰንጢ ዋጋ ከሚነገረው ሁሉ ይህችን አንዲት ነገር የያዘ ሰው ብዙ ገንዘብ ያተርፋል፤ አቆራረጥን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የስለቱ ቅርጽ ነው፣ የብረቱ ስም ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

በዚሁ የዋጋ እርከን የስዊዘርላንዱ ቪክቶሪኖክስ አለ። ካርል ኤልዝነር አውደ ጥናቱን በ1884 ኢባኽ በምትባል ስፍራ ከፈተ፣ በ1891 ለአገሩ ጦር ሠራዊት ሰንጢ ማቅረብ ጀመረ። ዛሬ የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው፣ ታጥፎ 58 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ትንሹ ቀይ ሰንጢ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም፤ መቀስ፣ ሞረድ፣ ወረንጦና የጥርስ እንጨት ጭምር ይዟል። በዓለም ላይ ከ25 ዶላር በታች ከሚሸጡ ዕቃዎች ይህን ያህል አሳብ የተጨመቀበት ሌላ ብዙ አላውቅም።

ወደ 60 እና 70 ዶላር ስንወጣ ሁለት ዓለም ጎን ለጎን ቆሞ እናገኛለን። አንደኛው አሮጌው የአሜሪካ ሰንጢ ነው። በ1964 የወጣው በክ 110 እጀታው ከእንጨትና ከናስ የተሠራ፣ 200 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ሲከፈት ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ነው፤ አዳኞች ስለወደዱት በክ የሚለው የፋብሪካው ስም ለዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በፔንሲልቬንያ ብራድፎርድ የሚሠሩት የኬዝ ሰንጢዎችም እዚህ ይመደባሉ፤ ከብት አጥንት ተቀልሞ ተቀርጾ ከጎናቸው ይለበጣል። ኬዝ የሚሰበስቡ ሰዎች የተሠራበትን ዓመት የሚያውቁት ስለቱ ሥር በተመቱ ጥቃቅን ነጥቦች ቁጥር ነው፤ ስለዚህ አያት ለልጅ ልጁ የተወለደበትን ዓመት ሰንጢ ፈልጎ ሊሰጠው ይችላል። እኔ በዚህ ዋጋ ከዚህ የበለጠ ስጦታ አይታየኝም።

ሁለተኛው ዓለም ቻይና ነው። በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ያንግጂያንግ የምትባል ከተማ በቢላዋና በመቀስ ሥራ የታወቀች ናት። ዊ ናይፍ የተባለው የዚያች ከተማ ኩባንያ ሲቪቪ በሚል ስም የሚያወጣቸው ሰንጢዎች ብዙዎቹ ከ50 እስከ 80 ዶላር ይሸጣሉ፤ በኮምፒውተር በሚመራ ማሽን የተቀረጹ፣ በኩሽኔታ ላይ የሚዞሩ፣ ስለታቸው መሃል ለመሃል የሚገባ ናቸው። ከ20 ዓመት በፊት እንዲህ ያለ አሠራር ለማግኘት ብዙ እጥፍ መክፈል ግድ ነበር። የቻይና ዕቃ ሁሉ ርካሽና ብላሽ ነው የሚለው አሮጌ እምነት በዚህ ገበያ ላይ ከሸፈ ቆይቷል።

ከ150 እስከ 200 ዶላር ያለው እርከን የብዙ ወዳጆች መኖሪያ ነው። እዚህ ሁለት ስሞች ይነግሣሉ። በኮሎራዶ ጎልደን ከተማ ያለው ስፓይደርኮ ከሰንጢ በፊት ይሸጥ የነበረው መሳያ ነበር፤ መሥራቹ ሳል ግሌሰር በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ሰንጢ ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንዱ ስለቱ ላይ የተበሳ ክብ ቀዳዳ ነው፤ አውራ ጣት እዚያ ላይ አርፎ በአንድ እጅ ይከፍተዋል። ሌላው ሰንጢውን ከኪስ አፍ ላይ የሚያንጠለጥል ክሊፕ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰንጢ ሳንቲምና ቁልፍ ሥር ተቀብሮ ይውል ነበር። መሰላል ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ሽቦ ለያዘ ኤሌክትሪሻን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው በኦሪገን ያለው ቤንችሜድ ነው። ባግአውት የተባለው ሰንጢው በ2017 ወጥቶ ብዙ ሰው ያስደነቀው በክብደቱ ነው፤ 52 ግራም ገደማ ብቻ ነው፣ ከአንድ እንቁላል ብዙም አይከብድም። አክሲስ የሚባለው መቆለፊያው አንዲት አግድም ዘንግ ስለቱን ከኋላ የምትይዝበት ሲሆን ከግራም ከቀኝም ጣት ወደ ስለቱ ሳይጠጋ ይለቀቃል። ይህ መቆለፊያ ለብዙ ዓመታት በፓተንት ተጠብቆ ቆይቶ ዘመኑ ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን በ60 እና በ70 ዶላር ሰንጢ ላይ ማድረግ ጀመሩ። ስለዚህ ዛሬ በ180 ዶላር ቤንችሜድ የሚገዛ ሰው ለመቆለፊያው አሳብ አይደለም የሚከፍለው። የሚከፍለው ለአሜሪካ ሠራተኛ ደመወዝ፣ ለተሻለ ብረት፣ እንዲሁም ሰንጢውን መልሶ ሲልክ ፋብሪካው ስሎ ለሚመልስለት አገልግሎት ነው። ይህን የማይጠቀምበት ሰው የዋጋውን አንድ ክፍል ሜዳ ላይ ትቶታል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚጦዘው እዚህ ላይ ነውና።

አረብ ብረት ማለት ብረትና ካርቦን ነው። ካርቦኑ ያጠነክረዋል። ክሮሚየም ሲጨመርበት ዝገትን ይቋቋማል። ቫናዲየም ሲገባ ደግሞ ከካርቦኑ ጋር ተጣምሮ ካርባይድ የሚባሉ እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶች ይፈጥራል፤ ስለቱ ካርቶንና ገመድ ሲቆርጥ ውሎ ቶሎ የማያልቀው በእነዚህ ቅንጣቶች ነው። ችግሩ በተለመደው መንገድ ብረቱ ቀልጦ በቀስታ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ እየተሳሳቡ ይከማቻሉ። በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ ጓል እንደሚይዘው ማለት ነው። ጓሉ ያለበት ቦታ ላይ የስለቱ አፍ ይሸረፋል።

መፍትሔው ብረቱን ዱቄት ማድረግ ነው። የቀለጠው ብረት በቀጭን ጅረት ሲወርድ ከፍተኛ ግፊት ያለው ጋዝ ይነፋበትና ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ በቅጽበት ስለሚረጋ ቅንጣቶቹ ለመከማቸት ጊዜ አያገኙም። ከዚያ ዱቄቱ በታሸገ ጣሳ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተጨምቆ እንደገና ድፍን ብረት ይሆናል። በ2001 የአሜሪካው ክሩሲብል ኩባንያ ከሰንጢ ሠሪው ከክሪስ ሪቭ ጋር ተመካክሮ ያወጣው ኤስ 30 ቪ የተባለው ብረት በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው፤ 1.45 በመቶ ካርቦን፣ 14 በመቶ ክሮሚየምና 4 በመቶ ቫናዲየም አለው። ለሰንጢ ተብሎ ታስቦ መሠራቱ ነው ስሙን ያገነነው። በ2021 ደግሞ የብረት ሳይንቲስቱ ላሪን ቶማስ ማግናከት የተባለውን ብረት አመጣ። አባቱ የደማስቆ ብረት የሚባለውን ባለ ጥለት ብረት የሚያነጥሩ ሰው ናቸው፤ ልጁ የአባቱን እሳት ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገባ ማለት ይቻላል። አሳቡም ብልህ ነው። ክሮሚየሙ ካርባይድ ሆኖ እንዳይታሰር አድርጎ ቀመረው፤ ስለዚህ 10.7 በመቶ ብቻ ይዞ ሳለ ከእሱ የበለጠ ክሮሚየም ካላቸው ብዙ ብረቶች የበለጠ ዝገት ይቋቋማል፣ በቀላሉም አይሸረፍም።

ይህ ሁሉ ዋጋ ላይ እንዴት ይታያል? የአንድ ሰንጢ ስለት ጥቂት አሥር ግራሞች ነው የሚመዝነው፤ በጣም ውዱ ብረት እንኳ ቢሆን ጥሬው ከጠቅላላ ዋጋው ትንሹ ክፍል ነው። ወጪው የሚመጣው በሥራው ነው። በቫናዲየም የጠነከረ ብረት መሞረጃውን ራሱን ይበላል፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ቶሎ ያልቃል፣ ማሽኑ ቀስ ማለት አለበት፣ ሠራተኛው ብዙ ሰዓት ይቆማል። ገዢውም ላይ የሚቀር ወጪ አለ። ቫናዲየም ካርባይድ ከተራው መሳያ ድንጋይ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ ሲዶለዱም በአልማዝ መሳያ ካልሆነ በቀር መልሶ ለመሳል ትዕግሥት ይፈትናል። 200 ዶላር ከፍሎ ሰንጢ ገዝቶ መሳያ የሌለው ሰው ከስድስት ወር በኋላ የያዘው ዱልዱም ብረት ነው።

ስለ ብረት አንድ ነገር ልጨምር። ተመሳሳይ ብረት በሁለት ፋብሪካ ሁለት ዓይነት ይወጣል፤ እሳቱና ማቀዝቀዙ ነው የሚለየው። በክ 110 የሚሠራበት 420 ኤች ሲ የተባለው ብረት ከርካሾቹ አንዱ ነው። ነገር ግን ፖል ቦስ የተባለው የብረት እሳት ሊቅ ለበክ ባበጀው የሙቀት አያያዝ ምክንያት ከስሙ በላይ ይሠራል ተብሎ የተመሰከረለት ነው። በሰንጢው ጎን የተቀረጸውን የብረት ስም ብቻ አንብቦ ዋጋ መክፈል እንግዲህ የእንጀራን ጥሩነት ከጤፉ ዘር ብቻ ለመፍረድ እንደ መሞከር ነው፤ ሊጡና ምጣዱ ተረስተዋል።

ወደ ሰቤንዛ እንመለስ። ሠሪው ክሪስ ሪቭ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ1989 ወደ አይዳሆ ተሰደደ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያም ሰቤንዛን ለገበያ አቀረበ። ስሙ የዙሉ ቃል ነው፤ ሥራ ማለት ነው። በዓለም ላይ ስለ ውድ ሰንጢ ሲወራ መለኪያ ሆኖ የሚጠራው ስም የአፍሪካ ቃል መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ያሰኘኛል። እጀታው ሁለት የታይታኒየም ገበታ ነው። ከገበታዎቹ አንዱ ራሱ ተሰንጥቆ እንደ ሞላ ይሠራል፤ ሰንጢው ሲከፈት ገባ ብሎ ስለቱን ከኋላ ይደግፋል። ይህ አሠራር በኋላ መላውን ገበያ አጥለቀለቀው፤ ዛሬ በ40 ዶላር ሰንጢ ላይ ሳይቀር ቅጂው አለ።

እንግዲህ 500 ዶላሩ የሚገባው ልክ ላይ ነው። በአንድ ኢንች ሺህኛ የሚቆጠር ልክ። ማጠፊያው ላይ ያለው ብሎን እስኪያልቅ ቢጠብቅም ስለቱ አይያዝም፣ አይወዛወዝምም፤ ክፍሎቹ በጣት ልክክ ብለው ይገጣጠማሉ። ባለቤቱ ራሱ ፈትቶ አጥቦ ቀብቶ መልሶ ይገጥመዋል። ቶርኖ ቤት የሠራ ወይም ፍሬሳ ላይ የቆመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሻካራ ሥራ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ የመጨረሻዋን የፀጉር ስንጣቂ ለማንሳት ግን ቀን ይፈጃል፤ ገንዘቡም የሚሄደው ለዚያች ፀጉር ስንጣቂ ነው። ፋብሪካው ለአሮጌ ሰንጢዎቹ ጥገና ያደርጋል፣ ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይም ዋጋቸው በቀላሉ አይወድቅም። ለአሥር ዓመት ተጠቅሞ አብዛኛውን ገንዘቡን መልሶ የሚያገኝ ባለቤት ብርቅ አይደለም። ከዚህ አንጻር ሲታሰብ 500 ዶላሩ ከሚመስለው ያነሰ ነው።

እዚህ ላይ የእኔን አስተያየት በግልጽ ላስቀምጥ። በእጅ የተሸመነ ጥበብ የለበሰች ሴት ገላዋን ለመሸፈን አይደለም ያን ሁሉ የከፈለችው፤ ከፋብሪካ የመጣው የታተመ ጨርቅም ይሸፍናል። የሸማኔውን ጣት፣ የጥለቱን ልክ፣ የቀኑን ርዝመት ነው የገዛችው። ሰቤንዛ የገዛ ሰውም እንዲሁ። በዚህ ላይ የሚሳለቁ ሰዎች የሰው እጅ ሥራ ዋጋ እንዳለው የዘነጉ ይመስለኛል።

ከ500 በላይ ያለው ግን ሌላ አገር ነው። የጃፓኑ ሮክስቴድ ስለቶቹን ፊት እስኪያሳዩ ወልውሎ ከ1000 ዶላር በላይ ይሸጣል። በኦሪገን የሚገኘው ዊሊያም ሄንሪ የደማስቆ ብረትና ከበረዶ ሥር የወጣ ማሞዝ የተባለ የጥንት ዝሆን መሰል እንስሳ ጥርስ ይለብጣል፤ ዋጋው ወደ ብዙ ሺህ ይዘልቃል። ከዚያ ደግሞ ብቻቸውን በትንሽ አውደ ጥናት የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። አንድ ሰው በዓመት ሊሠራ የሚችለው ሰንጢ ውሱን ነው፤ ፈላጊው ግን ብዙ ነው። የእኛም ሰው በብዛት በሚኖርባት አትላንታ በየዓመቱ የሚካሄደው ብሌድ ሾው የተባለ ትልቅ የቢላዋ ትርኢት ላይ አንዳንዶቹ ባለሙያዎች የሚሸጡት በዕጣ ነው። ገዢው ስሙን ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይከታል፣ ዕጣው ከወጣለት የመግዛት መብት ያገኛል። የማግኘት አይደለም፣ የመግዛት። የወጣለት ሰው ያንኑ ሰንጢ በዚያው ቀን ለሌላው አትርፎ ሊሸጠው ይችላል። በዚህ እርከን ላይ ዋጋውን የሚተምነው የወረፋው ርዝመት ነው፤ ወረፋ ደግሞ ሊበተን ይችላል። በኦሃዮ የሚሠራው የሪክ ሂንደረር ኤክስ ኤም 18 አንድ ጊዜ ከመደብር ዋጋው እጅግ በላይ ይሸጥ ነበር፤ ፋብሪካው አብዝቶ መሥራት ሲጀምር ያ ትርፍ ተነነ። ሰንጢውን ወዶ የገዛው ሰው ምንም አልጎደለበትም። ለትርፍ የገዛው ግን ከሰረ።

ወዳጆቹ በጠቅላላው ስንት ያወጣሉ ለሚለው ጥያቄ የአንድ ሰንጢ ዋጋ አሳሳች መልስ ነው። ብዙዎቹ ወደ 500 ዶላሩ የሚደርሱት በእርከን ነው፤ በመጀመሪያ 40፣ ከዚያ 60፣ ቀጥሎ 150። በየእርከኑ ሁለትና ሦስት ይገዛሉ። በ60 ዶላር አሥር ሰንጢ የገዛ ሰው 600 ዶላር አውጥቷል፤ ለአንዱ 500 መክፈል እብደት ነው እያለ ማለት ነው። ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቃሉ። ያንኑ ሰንጢ በአዲስ ቀለም፣ በሌላ ብረት፣ በተወሰነ ቁጥር ብቻ አውጥተው ያልቃል ሲባል ሰዉ ይሻማል። አንዳንዱ ሰንጢ ከሣጥኑ ወጥቶ ካርቶን ሳይቆርጥ ካዝና ውስጥ ዕድሜውን ይጨርሳል። የመሰብሰብ ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው፣ አልነቅፈውም። ነገር ግን ለመጠቀም ለሚፈልግ ሰው አንድ ጥሩ ሰንጢና አንድ ጥሩ መሳያ ከአሥር መካከለኛ ሰንጢ ይሻሉታል።

የታወቀ ስም ባለበት አስመስሎ መሥራት አለ። በስፓይደርኮና በክሪስ ሪቭ ስም የተሠሩ ቅጂዎች በገበያ ሞልተዋል፤ ሣጥኑና ወረቀቱ ሳይቀር ይመሳሰላል፣ ብረቱ ግን የተጻፈው አይደለም። 500 ዶላር የሚያወጣ አዲስ ሰንጢ በ80 ከቀረበላችሁ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከዚህ የረቀቀው የፈረንሳዩ ላዮል ጉዳይ ነው። ላዮል በደቡብ ፈረንሳይ ያለች መንደር ናት፤ ጀርባው ላይ የንብ ምስል ያለው ውብ ሰንጢ በስሟ ይጠራል። ስሙን ግን ከመንደሯ ውጭ ያለ ነጋዴ በ1993 የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው፤ በርካሽ የተሠሩ ዕቃዎችም በዚያው ስም ተሸጡ። በ2012 ነዋሪዎቹ በፍርድ ቤት ሲሸነፉ ለተቃውሞ የመንደራቸውን ስም የያዘውን ምልክት ከመንገድ ዳር ነቀሉ። ስለዚህ ላዮል የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ የሠሪውን ስም ፈልጉ። በ1987 መንደሯ ውስጥ የተመሠረተው ፎርዥ ደ ላዮል እውነተኛውን ይሠራል፤ ዋጋውም ከመቶ ዩሮ በላይ ነው።

በውጭ አገር ለሚኖር አንባቢ ሌላ ስሌት አለ፤ ሕግ። በብሪታንያ ያለ ምክንያት በኪስ ሊያዝ የሚችለው ታጣፊ፣ የማይቆለፍና የስለቱ አፍ ከ3 ኢንች ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። በዚህ ሕግ ኦፒኔል ቁጥር 8 ይወድቃል፣ ሰቤንዛም ይወድቃል፤ ትንሹ ቪክቶሪኖክስ ያልፋል። በአሜሪካ ከግዛት ግዛት፣ አልፎም ከከተማ ከተማ ይለያያል። የአሜሪካ የአውሮፕላን ጉዞ ግን ሁሉንም እኩል ያደርጋል። እዚያ ከመስከረም 2001 ጥቃት በኋላ ሰንጢ ወደ መንገደኛ ክፍል አይገባም፤ በ2013 የአሜሪካ የበረራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ትንንሾቹን ሊፈቅድ አስቦ ተቃውሞ ሲበረታ ተወው። በፍተሻ የሚቀሩ ሰንጢዎች ብዙዎቹ በግዛት መንግሥታት የንብረት ማስወገጃ በኩል በጅምላ ይሸጣሉ። ወደ አገር ቤት ስትመጡ ሰንጢው ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ መሆኑን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ፤ የ20 ዶላሩ ያናድዳል፣ የ500 ዶላሩ ያስለቅሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ በ20 ዶላር ኦፒኔል ወይም ትንሽ ቪክቶሪኖክስ፣ በዚያው ላይ መሳያ ግዛ እለዋለሁ። አንድ ዓመት ይያዘው። በየቀኑ ካወጣው፣ ስሎ ስሎ ካወቀው፣ የጎደለው ምን እንደሆነ እሱ ራሱ ይነግረኛል፤ በአንድ እጅ አልከፈት አለኝ ካለ ወደ 60 ወይም ወደ 150 ይውጣ፣ ቶሎ ዶለዶመብኝ ካለ ብረቱን ይቀይር። ያገለገለ ሲገዛም ከፍቶ ስለቱን ከጎን ወደ ጎን ይነቅንቀው፣ ዘግቶም ከአናት ይየው፤ ስለቱ ከሁለቱ ገበታ እኩል ርቆ መቀመጥ አለበት። አፉ በመሳል ብዛት ምን ያህል እንደሄደ ከአዲሱ ጋር ያስተያየው።

ኦፒኔሉ አንድ ጉድለት አለው፣ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እንጨቱ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ያን ጊዜ ስለቱ እጀታው ውስጥ ተጣብቆ በጥፍር ቢጎትቱት አልወጣ ይላል። የሳቮይ ገበሬዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው። ቀለበቷን ወደ መክፈቻው ያዞሩና የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ጠብ ያደርጉታል። ስለቱ ብቅ ይላል።